«ክሊቭ» የሚለው የእንግሊዝኛ ግስ ሲገጥማችሁ፦ መሰንጠቁን ከመጣበቁ የምትለዩበት መንገድ

መጀመሪያ ጥፋቴን ልናገር። አንድ ጊዜ አንድ አጭር ታሪክ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነበር። ሰውዬው ጨለማ ቤት ውስጥ ቆሞ ኮቴ ይሰማል። ይደነግጣል። ከዚያ ምላሱ ላንቃው ላይ «ክሊቭድ» ይላል ጽሑፉ። ቃሉን አላውቀውም። መዝገበ ቃላት ገለጥኩ። የመጀመሪያው ፍቺ «ሰነጠቀ፣ ፈለጠ» ነው። ሁለተኛውን ሳላይ «ምላሱ ላንቃው ላይ ተሰነጠቀ» ብዬ አለፍኩት። ረቂቁን ያነበበችልኝ ጓደኛዬ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ደሙስ?»

ደም የለም። የሰውዬው ምላስ በድንጋጤ ደርቆ ከላንቃው ጋር ተጣብቋል፣ በቃ። ሁለተኛው ፍቺ ደግሞ ይኸው ነበር፦ «ተጣበቀ፣ ሙጥኝ አለ»። አንድ ቃል ሰንጥቆም ያጣብቃል። ይሄ መመሪያ ያን ቀን የሚያስፈልገኝ የነበረው ነው።

ቃሉ በእንግሊዝኛ ፊደል ሲጻፍ ሲ፣ ኤል፣ ኢ፣ ኤ፣ ቪ፣ ኢ ነው። «ሊቭ» (ሄደ፣ ተወ) ከሚለው ግስ ጋር ቤት ይመታል። «ክሌቨር» (ብልህ) ከሚለው ጋር አታምታቱት።

ደረጃ 1፦ አንድ ቃል ነው ብላችሁ አትነሡ

ብዙ ሰው ግራ የሚጋባው እዚህ ነው። «አንድ ቃል እንዴት ራሱን ይቃረናል?» ብሎ ይጀምርና አንድ የጋራ ትርጉም ሲፈልግ ይውላል። የለም። «ክሊቭ» በአጋጣሚ አንድ ዓይነት ልብስ የለበሱ ሁለት ግሶች ናቸው።

በጥንታዊው እንግሊዝኛ የመሰንጠቁ ግስ «ክሌኦፋን» ነበር። የመጣበቁ ደግሞ «ክሊፊያን»። ድምፃቸው ይቀራረባል እንጂ አንድ አልነበረም። እርባታቸውም ለየቅል ነው። ከዚያ በመካከለኛው ዘመን የእንግሊዝኛ አናባቢዎች ሲንሸራተቱ ሁለቱ ግሶች አንድ አነባበብ ላይ አረፉ። ጀርመንኛ ዛሬም የመጣበቁን ወንድም ይዞታል። ጀርመኖች አንድ ነገር ሲለጥፉ በየቀኑ «ክሌበን» ይላሉ። ጀርመንኛ የምትሞካክሩ ከሆነ ይህች ማስታወሻ ትጠቅማችኋለች።

ስለዚህ ቃሉን ስታዩ «ትርጉሙ ምንድን ነው?» አትበሉ። «የትኛው ነው?» በሉ። ጥያቄው ሲቀየር ሥራው ይቀልላል።

(«ሳንክሽን» የሚለው ቃልም ራሱን ይቃረናል፤ መፍቀድም መቅጣትም ነው። እሱ ግን አንድ ቃል አድጎ ለሁለት የተከፈለ ነው። «ክሊቭ» ሁለት ሆኖ ተወልዶ አንድ የሆነ ነው። እንደ እኔ የሁለተኛው ይብሳል።)

ደረጃ 2፦ የ«ን» ፈተና

አማርኛ ተናጋሪ ሆኖ መወለድ እዚህ ላይ ይጠቅማል። የመሰንጠቁ ግስ አብዛኛውን ጊዜ ተሳቢ ይፈልጋል። የሚሰነጠቅ ነገር መኖር አለበት። የመጣበቁ ግስ ግን ተሳቢ አይወስድም። አንድን ነገር ከሌላው ጋር «ክሊቭ» ማድረግ፣ ማለትም ማጣበቅ፣ አይቻልም። ራሱ ይጣበቃል እንጂ።

እንግዲህ ዓረፍተ ነገሩን በልባችሁ ወደ አማርኛ መልሱት። ከግሱ ቀጥሎ የመጣው ስም «ን» ከጠየቀ መሰንጠቅ ነው። «በ»፣ «ላይ» ወይም «ከ… ጋር» ከጠየቀ መጣበቅ ነው።

«ሂ ክሊቭድ ዘ ሎግ»። ግንዱን። «ን» መጣች። ስለዚህ ግንዱን ፈለጠው።

«ሺ ክሊቭድ ቱ ኸር ፕሪንሲፕልስ»። መርሖዎቿን? አይሆንም፤ በመሃል «ቱ» አለች። በመርሖዎቿ። ስለዚህ በመርሖዎቿ ጸናች፣ መርሖዎቿን ሙጥኝ አለች። አዎ፣ አማርኛው ሲያምር «ን» ተመልሳ መጣች። ለዚህ ነው ፈተናውን በጥሬው ትርጉም ላይ አድርጉ የምለው። ውበቱ በኋላ ይደርሳል።

ቃሉ በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ስላለ ብዙዎቻችሁ ሳታውቁት ታውቁታላችሁ። በዘፍጥረት 2፥24 «በሚስቱም ይጣበቃል» የሚለውን በ1611 የታተመው የኪንግ ጄምስ ትርጉም «ክሊቭ አንቱ ሂዝ ዋይፍ» ይለዋል። «በ» የምትለዋን አያችኋት? የእኔ ሰውዬ ምላስም እዚያው አለ። በመዝሙር 137 (በአንዳንድ እትም 136) «ምላሴ በጉሮሮዬ ይጣበቅ» የሚለው በዚያው ትርጉም «ክሊቭ» ነው። ይህን አስታውሼ ቢሆን ኖሮ ደሙን ባላፈሰስኩ።

ደረጃ 3፦ «ቱ»ን ፈልጉ፣ ግን አትመኗት

ከላይ እንዳያችሁት የመጣበቁ ምልክት «ቱ» የምትለዋ መስተዋድድ ናት። በድሮ ጽሑፍ «አንቱ» ትሆናለች። ዛሬ ከምታነቡት ውስጥ መጣበቅ የሆነው ሁሉ ማለት ይቻላል «ክሊቭ ቱ» ነው። መሰንጠቁ ደግሞ «ኢንቱ» (ወደ፣ ለሁለት ለሦስት)፣ «ስሩ» (በመሃል ሰንጥቆ)፣ «ኦፍ» (ገንጥሎ) እና «ፍሮም» (ለይቶ) የሚሉትን ይወዳል።

ብዙ ማብራሪያ እዚህ ላይ ያበቃል። ግን ወጥመድ አለ።

የድሮ የጦር ታሪክ ስታነቡ እንዲህ ያለ ይገጥማችኋል፦ «ሂ ክሌፍት ሂም ቱ ዘ ቺን»። «ቱ» አለች። ታዲያ አገጩ ላይ ተጣበቀበት? ኧረ በፍጹም። በሰይፍ ከራሱ ጀምሮ እስከ አገጩ ሰነጠቀው። እዚህ «ቱ» ማለት «እስከ» ነው። ልዩነቱ የት አለ? በግሱና በ«ቱ» መሃል «ሂም» አለ። ተሳቢ ገብቷል። ተሳቢ ከገባ ነገሩ አልቋል፣ መሰንጠቅ ነው።

ደንቡን አስተካክለን እንያዘው። «ቱ» ከግሱ ጋር ትከሻ ለትከሻ ከቆመች መጣበቅ ነው። በመሃላቸው ስም ወይም ተውላጠ ስም ከገባ መሰንጠቅ ነው። በመሃላቸው የገባው «ስታበርንሊ» (በግትርነት) ዓይነት ተውሳከ ግስ ከሆነ ግን ለውጥ የለውም። እንደሌለ ቁጠሩት።

ሌላም ወጥመድ አለ፤ ይሄኛው ያነሰ ነው። አንዳንዴ መሰንጠቁም ያለ ተሳቢ ይመጣል። «ዘ ሮክ ክሊቭስ ኢዝሊ» ማለት ዐለቱ በቀላሉ ይሰነጠቃል ማለት ነው። ተሳቢ የለም፤ «ቱ»ም የለችም። «ቱ» ከሌለች አትጨነቁ፣ ወደ መሰንጠቅ አዘንብሉ። የሚጣበቅ ነገር ምን ላይ እንደተጣበቀ ሳይነገር አይታለፍም።

ደረጃ 4፦ ያለፈውን ጊዜ እዩ

ይሄ ደረጃ ረዘም ይላል። ምክንያቱም ቃሉ መልኩን የሚቀይረው እዚህ ነው፤ ግማሹ ሰው «ክሎቭ» ወይም «ክሌፍት» የሚለውን ሲያይ ያው «ክሊቭ» መሆኑን አያውቅም።

የመጣበቁ ቀላል ነው። ባለፈ ጊዜ «ክሊቭድ»፣ አበቃ።

የመሰንጠቁ ግን ሦስት በር አለው። ለኀላፊ ጊዜ «ክሊቭድ»፣ «ክሌፍት» ወይም «ክሎቭ» ትላላችሁ። ከረዳት ግስ ጋር ሲሆን ደግሞ «ክሊቭድ»፣ «ክሌፍት» ወይም «ክሎቨን»። ሦስቱም ትክክል ናቸው። ልዩነቱ ጣዕም ነው። «ክሊቭድ» የሳይንስና የዜና ነው። «ክሎቭ» የተረትና የጀብዱ ሽታ አለው። ስለ መጥረቢያ የምትጽፉ ከሆነ ያምራል፤ ስለ ፕሮቲን ከሆነ ያስቃል።

በዚህ ላይ ጥሩ ዜና አለ። ዛሬ ባለው እንግሊዝኛ «ክሌፍት»፣ «ክሎቭ» ወይም «ክሎቨን» ካያችሁ ሌላ ምልክት ሳትፈልጉ መሰንጠቅ ነው ማለት ትችላላችሁ። አጠራጣሪው «ክሊቭ» እና «ክሊቭድ» ብቻ ነው።

መጥፎውም ዜና ይኸው፦ የኪንግ ጄምስ ትርጉም «ክሌቭ» የሚል የቆየ ኀላፊ ጊዜ አለው። ይህን ደግሞ ለሁለቱም ይጠቀምበታል። አብርሃም ለመሥዋዕት እንጨት ሲፈልጥ «ክሌቭ» ነው። ሩት ከአማቷ አልለይም ብላ ስትቀርም «ክሌቭ» ነው። እዚያ ወደ ደረጃ 2 ተመለሱ። አብርሃም እንጨቱ«ን»፣ ሩት ግን በአማቷ። ፈተናው 400 ዓመት ባለፈው ጽሑፍ ላይም ይሠራል።

ቅጽል ሲሆኑ ምርጫው የእናንተ አይደለም፤ ቋንቋው ወስኖታል። የከብት የተሰነጠቀ ሰኮና «ክሎቨን ሁፍ» ነው፤ «ክሌፍት ሁፍ» የሚል እምብዛም አታገኙም። በተቃራኒው የከንፈርና የላንቃ መሰንጠቅ «ክሌፍት ሊፕ» እና «ክሌፍት ፓለት» ነው። እዚያ «ክሎቨን» ብትሉ ሐኪሙ ይስቃል። መሃሉ ስርጉድ ያለ አገጭ «ክሌፍት ቺን» ነው። እነዚህን እንደ አንድ ቃል ሸምድዷቸው፤ ሎጂክ አትፈልጉላቸው።

«ኢን ኤ ክሌፍት ስቲክ» የሚል አነጋገርም አለ። በብሪታንያ እንግሊዝኛ ነው የምታገኙት፤ ቃል በቃል «በተሰነጠቀ እንጨት ውስጥ» ማለት ነው። ትርጉሙ ደግሞ አጣብቂኝ ውስጥ መግባት። እኔ ይሄ በጣም ይገርመኛል። እነሱ ያንኑ ጭንቅ ከመሰንጠቅ አወጡት፣ እኛ ከመጣበቅ።

ደረጃ 5፦ የቤተሰቡን አባላት እወቁ

ከመሰንጠቁ የወጡ ስሞች አሉ፤ ከግሱ ይልቅ እነሱን ቶሎ ቶሎ ታገኟቸዋላችሁ።

«ክሊቨር» ሥጋ ሻጭ አጥንት የሚሰብርበት ሰፊና ከባድ ቢላ ነው። የፋይበር ኬብል (መልእክትን በብርሃን የሚያስተላልፍ ቀጭን የመስታወት ክር) የሚቀጥሉ ቴክኒሻኖችም «ክሊቨር» የሚሉት መሣሪያ አላቸው። አይቆርጥም። በጠንካራ ስለት መስታወቱን በጣም ትንሽ ይጭረውና ሲወጠር ወይም ሲታጠፍ ቀጥ ብሎ እንዲሰበር ያደርገዋል። ቴክኒሻኑ «ከተቆረጠ» ይልቅ «ክሊቭ ተደረገ» የሚለው ለዚህ ነው። ጫፉ ለስላሳና ቀጥ ያለ ካልሆነ ሁለቱ ፋይበሮች ሲበየዱ ብርሃኑ ይባክናል።

«ክሎቭ» ስም ሲሆን ከነጭ ሽንኩርት ራስ ተፈልቅቆ የሚወጣው አንዱ ፍሬ ነው። እሱ የመሰንጠቅ ዘመድ ነው። ቅርንፉድም በእንግሊዝኛ «ክሎቭ» ይባላል፤ ግን ዘመድ አይደለም። ምስማር ከሚል የፈረንሳይኛ ቃል ነው የመጣው፤ ቅርንፉዱን አንሥታችሁ ብታዩት ምስማር ይመስላል።

«ክሊቪጅ» ደግሞ እንደ ሙያው ይቀያየራል። በማዕድን ጥናት፣ አንድ ክሪስታል አተሞቹ ደከም ብለው በተያያዙበት ገጽ ላይ የመሰንጠቅ ባሕርይ ነው። ማይካ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ስለሚሰነጠቅ እንደ ወረቀት ይላጣል። የጨው ክሪስታል በሦስት አቅጣጫ ስለሚሰነጠቅ ኩብ ኩብ ይሆናል። ኳርትዝ ግን ይህ ባሕርይ የለውም ማለት ይቻላል፤ እንደ ጠርሙስ ይሰባበራል። አልማዝ ያን ያህል ጠንካራ ሆኖ እንኳ በአራት አቅጣጫ ይሰነጠቃል። በ1905 ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የተገኘውን 3,106 ካራት የሚመዝን የከሊናን አልማዝ ጆሴፍ አሸር በ1908 አምስተርዳም ውስጥ የከፈለው በዚሁ መንገድ ነው። ስለዚያ ቀን በእንግሊዝኛ የተጻፈ ስታነቡ «ክሊቭድ» ይላችኋል። ተሳሳተ ማለት ዓለም ካየቻቸው ለጌጥ የሚሆኑ አልማዞች ትልቁን ማበላሸት ነው፤ ምን ዓይነት እጅ እንደነበረው እንጃ።

በሥነ ሕይወት፣ በወንድ ዘር የዳበረ እንቁላል መጠኑ ሳይጨምር ሁለት፣ አራት፣ ስምንት እየሆነ የሚከፋፈልበት ደረጃ «ክሊቪጅ» ነው። በኬሚስትሪ የሞለኪውል ትስስር መበጠስ ነው። ትራይፕሲን የሚባለው ኢንዛይም ፕሮቲንን ላይሲንና አርጂኒን ከሚባሉ አሚኖ አሲዶች ቀጥሎ ይበጥሳል፤ በማስተማሪያው ላይ «ክሊቭስ» ተብሎ ይገኛል። በፖለቲካ ሳይንስ ደግሞ ኅብረተሰብን በጎራ የሚከፍል ስንጥቅ ነው፦ ሃይማኖት፣ መደብ፣ ከተማና ገጠር።

በተራው የዕለት ንግግር ግን «ክሊቪጅ» ሲባል መጀመሪያ የሚታሰበው ሌላ ነው። የሴት ልብስ አንገቱ ዝቅ ሲል በጡቶች መሃል የሚታየው ስፍራ ማለት ነው። ስለ ማዕድን ንግግር የምታደርጉ ከሆነ «ሚነራል ክሊቪጅ» ብላችሁ ጀምሩ።

የሰዋስው ሰዎችም «ክሌፍት ሴንተንስ» ይላሉ። አንድን ዓረፍተ ነገር ለሁለት ሰንጥቆ አንዱን ክፍል ማጉላት ነው። «ትናንት መጣ» ከማለት «ትናንት ነው የመጣው» እንደማለት። አማርኛ በዚህ የተካነ ነው። «ማን ነው የመጣው?» ስትሉ ሰነጠቃችሁ ማለት ነው።

የመጣበቁ ቤተሰብ? ባዶ ነው ማለት ይቀላል። ልብስ ላይ የሚጣበቅ «ክሊቨርስ» የሚባል አረም አለ እንጂ፣ ከግሱ የወጣ፣ ሰው የሚጠቀምበት ሌላ ስም እምብዛም የለውም። ስም ካገኛችሁ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል መሰንጠቅ ነው።

ደረጃ 6፦ ራሳችሁ ስትጽፉ

እውነቱን ልንገራችሁ፤ ብዙ ጊዜ አትጠቀሙበት። በኢሜይል «ፕሊዝ ክሊቭ ቱ ዘ ስኬጁል» ብትሉ ትርጉሙ ይገባል፣ ግን መስበኪያ ላይ የወጣችሁ ትመስላላችሁ። ለመጣበቅ «ስቲክ ቱ» ወይም «ክሊንግ ቱ»፣ ለመሰንጠቅ «ስፕሊት» ይበቃችኋል።

የሚያምርበት ቦታም አለ። አንድ ሰው፣ ሌላው ሁሉ ትቶ ሲሄድ፣ የያዘውን እምነት ወይም ልማድ አልለቅም ሲል «ክሊቭ ቱ» ከ«ስቲክ ቱ» ይበልጣል፤ ክብደት አለው። የእኛን «ሙጥኝ አለ» ያህል ነው። መርከብ ማዕበሉን፣ ወፍ አየሩን ሰንጥቃ ስትሄድም «ክሊቭ» ደስ ይላል። ሳይንስ ላይ ግን አማራጭ አትፈልጉ፤ እዚያ የሙያው ቃል ራሱ ነው።

አንድ ነገር ብቻ አታድርጉ። ሁለቱን ግሶች በአንድ አንቀጽ ውስጥ አታስገቡ፤ ቃላት መጫወት ካልፈለጋችሁ በቀር።

አሁን ሞክሩ

መልሱን በእጃችሁ ሸፍኑት ልላችሁ ነበር፤ ስልክ ላይ ይከብዳል። ዝም ብላችሁ ቀስ ብላችሁ አንብቡ።

«ዘ ዌት ሸርት ክሊቭድ ቱ ሂዝ ባክ»። «ቱ» ከግሱ አጠገብ ናት። እርጥቡ ሸሚዝ ጀርባው ላይ ልጥፍ አለ።

«ዘ ቦት ክሊቭድ ዘ ዌቭስ»። ማዕበሉ«ን»። ጀልባዋ ማዕበሉን ሰንጥቃ አለፈች።

«ሂ ክሌፍት ዘ ሺልድ ቱ ዘ ሪም»። «ክሌፍት» ስለሆነ ብቻ አልቋል። ብትጠራጠሩም በመሃል ጋሻው አለ። ጋሻውን እስከ ጠርዙ ሰነጠቀው።

«ስሌት ክሊቭስ ኢንቱ ሺን ሺትስ»። ተሳቢ የለም፤ ግን «ኢንቱ» አለች። ስሌት የሚባለው ድንጋይ ወደ ቀጫጭን ንጣፎች ይሰነጠቃል።

የመጨረሻው ከአንድ ተማሪ የላብራቶሪ ሪፖርት ላይ ያየሁት ዓይነት ነው፦ «ዚ ኢንዛይም ክሊቭስ ቱ ዘ ፕሮቲን»። በደንባችን ከሄድን ኢንዛይሙ ፕሮቲኑ ላይ ተጣበቀ ማለት ነው። ሰዋስዉ ምንም አይወጣለትም። ግን ኬሚስትሪ ላይ ይህን ግስ ለመጣበቅ የሚጠቀም የለም፤ እዚያ መጣበቅ «ባይንድ» ነው። ተማሪው ወይ «ባይንድስ ቱ» ሊል ፈልጎ ቃሉ ተምታታበት፣ ወይ «ክሊቭስ» ሊል ፈልጎ «ቱ»ን በስህተት አስገባ። በአንደኛው ፕሮቲኑ ደህና ነው፣ በሌላው ተበጥሷል። ከዓረፍተ ነገሩ ብቻ ማወቅ አይቻልም፤ ተማሪውን ጠርታችሁ ጠይቁት።